ለሳይኮሎጂስቴም «ደህና ነኝ» እያልኩ ነው

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ 29 ዓመቴ ነው። አባቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሆኜ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጣሁ ስላቸው «አንደኛ የወጣው ሁለት ራስ አለው?» ይሉኝ ነበር። ዛሬ የተማሪ ፈተና አርሜ ሦስት ጊዜ ካልደመርኩ አልመልስም። የትምህርት እቅድ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስጽፍ አመሻለሁ፣ ጠዋት ሳየው ያስጠላኝና እቀደዋለሁ። እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አያሰኘኝም። ሳይኮሎጂስት ጋ መሄድ ከጀመርኩ ቆየሁ። ደግ ሴት ናት፣ ችግሩ እኔ ነኝ። ጥሩ ታካሚ መሆን እንኳ አልቻልኩም። የምነግራትን ቀድሜ ደብተር ላይ ጽፌ አጠናለሁ። በየቀኑ ሐሳብሽን መዝግቢ ያለችኝን የሳምንቱን በሙሉ በአንድ ሌሊት፣ የተለያየ ቀን እንዲመስል በተለያየ እስክሪብቶ ሞላሁት። ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድብርት መጠይቅ ዝቅ አድርጌ ነው የምሞላው፤ «እየተሻለሽ ነው» ብላ ደስ ሲላት ደስ ይለኛል። ባለፈው እያወራሁ ሳለ አዛጋች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀጠሮ አሳለፍኩ። ልተዋት? ዋሽቼሽ ነበር ማለት አለብኝ? ዳይሬክተራችንንስ በየሳምንቱ ምን እያልኩ ነው ፈቃድ የምጠይቀው? ጽሑፌ ስላልተስተካከለ ይቅርታ።»

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። «ጽሑፌ ስላልተስተካከለ ይቅርታ» ብለሻል። በቴሌግራም ፎቶ አንስተሽ የላክሽልኝ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ፊደሉ እኩል ነው፣ ኅዳጉ እኩል ነው፣ አንድ ስርዝ ድልዝ የለውም፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር ቦታ ቦታውን ይዟል። ስንተኛው ግልባጭ ነው? ሦስተኛው ቢሆን አይገርመኝም። ጭራሽ ለማታውቂው ሰው ጭንቀትሽን ስትነግሪ እንኳ አሳምረሽ መሆን አለበት።

ላሾፍብሽ አይደለም። መልሱ እዚያው ስላለ ነው።

በአጭሩ ልመልስልሽና ከዚያ እናውራ። ልተዋት ላልሽው፣ አትተያት። ቢያንስ ይህን ሁሉ ሳትነግሪያት አትተያት። ዋሽቼሽ ነበር ልበላት ላልሽው ደግሞ፣ አዎ፣ ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ በያት። የዳይሬክተሩ ነገር ቀላል ነው፣ እመጣበታለሁ።

«ጥሩ ታካሚ መሆን እንኳ አልቻልኩም» ብለሻል። ግን እስቲ አስቢው፣ መጀመሪያስ እዚያ ምን ወሰደሽ? ሰው ፊት እንከን እንዳይገኝብሽ ስትይ እንቅልፍ አጥተሽ አይደል? እንግዲህ ያንኑ ይዘሽው ገባሽ። ትምህርት ቤት የምታስተምሪውን ታጠኛለሽ፣ እሷ ጋ ስትሄጂ ሕመምሽን ታጠኛለሽ። ስለዚህ ሕክምናው ላይ የሠራሁት ጥፋት ብለሽ የምትቆጥሪው ሁሉ፣ እስክሪብቶ እየቀያየርሽ የሞላሽው ደብተርም ጭምር፣ ሕመሙ ራሱ ነው። ልዩነቱ እዚያ ክፍል ውስጥ ሊያግዝሽ የሚችል ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጧል፤ ግን አያየውም፣ አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ በደንብ ሸፍነሽዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? አንቺ ጋ ደግሞ መደበቁ ራሱ ነው በሽታው።

መቼም አንዳንዱ አንባቢ «ጥንቃቄ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው፣ አስተማሪው ሁሉ እንደ እሷ በሆነልን!» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ ጎበዝ መሆን በሽታ አይደለም። ሥራውን የሚወድ ሰው ይለፋል፣ ሲሳካለት ይደሰታል፣ ሳይሳካለት ሲቀር ተናዶ ያድርና ጠዋት ሌላ ይሞክራል። ያንቺ ግን ሌላ ነው። እቅዱ ሲያምር «ርዕሱ ቀላል ስለነበር ነው» ትያለሽ፣ ለነገው መለኪያውን ከፍ ታደርጊዋለሽ። ሳያምር ሲቀር ደግሞ የተበላሸው እቅዱ አይደለም፣ አንቺ ነሽ። በሁለቱም በኩል ከሳሪ ነሽ። ሮዝ ሻፍራን፣ ዛፍራ ኩፐርና ክሪስቶፈር ፌርበርን የተባሉ እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በጻፉት ላይ ለይተው ያወጡት ይህንን ነው። ሰውየው እየጎዳውም ቢሆን መለኪያውን አይለቅም፣ ምክንያቱም የራሱን ዋጋ የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው።

ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት የተባሉት የካናዳ ተመራማሪዎች ደግሞ ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ይህን የፍጹምነት አባዜ በሦስት ከፍለውት ነበር። አንደኛው ከራስ እንከን የሌለው ነገር መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ሰው መጠበቅ። ሦስተኛው «ሰው ሁሉ ከእኔ እንከን የሌለው ነገር ይጠብቃል፣ ካላገኘ ይንቀኛል» ብሎ ማመን ነው። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ከድብርት፣ ከጭንቀትና ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር ተያይዞ ደጋግሞ የተገኘው እሱ ነው። አንቺ ጋ ሦስቱም ያሉ ይመስለኛል፣ ግን «ሁለት ራስ አለው?» የሚለው የአባትሽ ንግግር ሦስተኛውን ነው ያጠጣሽ። አባትሽ ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ለእሳቸው ማበረታቻ ነው፤ እንዲያውም ጎጃም ውስጥ ይህን ወይም የዚህን ወንድም ሳይሰማ ያደገ ልጅ ካለ ይጻፍልኝ። ልጅቷ ግን የሰማችው ማበረታቻ አይደለም። ሁለተኛ ከወጣሽ የምትወደጅበት ምክንያት የለም የሚል ነው የሰማችው። በዚያ ላይ ይሉኝታውን ጨምሪበት፣ ሁሉ ሰው የሚተዋወቅበትን ከተማ ጨምሪበት።

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ ደግሞ። ቶማስ ከረንና አንድሩ ሂል እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2016 መጠይቅ የሞሉ የ41,641 አሜሪካውያን፣ ካናዳውያንና እንግሊዛውያን የኮሌጅ ተማሪዎችን ውጤት አንድ ላይ አይተው ሦስቱም ዓይነት እየጨመረ መምጣቱን አገኙ፤ ከሁሉም በላይ የጨመረው ያው ሦስተኛው ነው። ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ የሚያድረው የእኛ ወጣት ቢለካ ምን ይወጣ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ወደ እሷ ክፍል እንግባ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ሂዊትና ባልደረቦቹ ለሕክምና የመጡ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ እያደረጉላቸው የልብ ምታቸውን የለኩበት ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ። ጉድለታቸው እንዳይታይባቸው አጥብቀው የሚጠነቀቁት ሰዎች ስለ ድሮ ስህተታቸው ሲጠየቁ ልባቸው ይበልጥ ይመታ ነበር። ከመግባታቸው በፊት ይጨንቃቸዋል፣ ወጥተውም በተናገሩት አይረኩም። ታውቂዋለሽ አይደል ይህን? ከእሷ ቢሮ ወጥተሽ ባጃጅ እስክትይዢ ድረስ «ምን ነካኝና እንደዚያ አልኩ» እያልሽ የምታብሰለስይውን? ደብተር ላይ ጽፈሽ ማጥናት የጀመርሽው እኮ ያንን ሽሽት ነው። ይገባኛል። ግን ዋጋ አለው።

ዋጋውን ልንገርሽ። በ1980ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም ድብርት ላይ አንድ ትልቅ ሙከራ አካሂዶ ነበር። ታካሚዎቹ በአራት ተከፈሉ፤ ሁለቱ ቡድኖች ሁለት ዓይነት የንግግር ሕክምና፣ ሦስተኛው መድኃኒት፣ አራተኛው መድኃኒት የሚመስል ባዶ እንክብል አገኙ፤ ለሁሉም 16 ሳምንት። በኋላ ሲድኒ ብላትና ዴቪድ ዙሮፍ የተባሉ ምሁራን መዝገቡን ገልጠው፣ ሲጀምሩ ፍጹምነትን የሚያሳድዱ የነበሩት ታካሚዎች እንዴት ሆኑ ብለው ጠየቁ። ከሌሎቹ ያነሰ ነው የተሻላቸው፣ የትኛውም ቡድን ውስጥ ቢሆኑ። መድኃኒትም ሆነ ንግግር በዚህ ልዩነት አላመጣም። ለምን ብለው ሲያዩ አንዱ ምክንያት የመጣው ከቴራፒስቱ ሳይሆን ከታካሚው በኩል ነበር። ሌሎቹ ታካሚዎች ሳምንታት ሲያልፉ ከሐኪማቸው ጋር እየተቀራረቡ፣ እየተከፈቱ ይሄዳሉ፤ እነዚህ ግን ሕክምናው ከተጋመሰ በኋላ በታካሚው በኩል የሚመጣው መቀራረብ እንደሌሎቹ አላደገላቸውም። ከአንድ ደረጃ ላይ ቆመው ቀሩ።

ይሄ ላንቺ ሁለት ነገር ይነግርሻል። አንደኛ፣ ሳይኮሎጂስት ብትለውጪ ያንኑ ደብተር ይዘሽ ነው አዲሷ ጋ የምትሄጂው፣ መጀመሪያ ላይ ደህና ይሆንና ስትቀራረቡ ደግሞ ትጠፊያለሽ። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሰዎች መዳን አይችሉም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ሕክምና ዛሬ አለ፣ ይሠራልም። ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ላልነገርሽው ነገር ማን ያክምሻል?

አባትሽን ላንሳና አንድ ነገር ልበል። ዲማ ሳሉ ቅኔ እንዴት እንደተማሩ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ተማሪው ዞር ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፣ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ነገራ ነው የሚባለው። የኔታም ይሰማሉ፣ ግሡ ተሳስቷል ይላሉ፣ ቤት አልመታም ይላሉ፣ ምሥጢሩ አልገጠመም ይላሉ፣ ያቃናሉ። ተማሪው ነገ ደግሞ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል፣ ደግሞ ይታረማል። ባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ላይ ስንቴ ተመልሰው ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ የደረሱት! «ቅኔዬ እስኪቃና ድረስ ለየኔታ አልነግርም» ያለ ተማሪ ቢኖር ጉባኤ ቃና ላይ ሆኖ ይሸብት ነበር። አንቺ እያደረግሽ ያለሽው ይህንን ነው። ያልቃናውን ነው ይዘሽ የምትቀርቢው፣ ሳይኮሎጂስቷ የተቀመጠችው ለእሱ ነው። (መሪጌታ ለልጃቸው ከነገራው ይልቅ ውጤቱን ብቻ ማውረሳቸው ትንሽ ያሳዝናል፣ ግን እሱ የእሳቸውና ያንቺ ጉዳይ ነው።)

ማዛጋቷን በተመለከተ። ልታዛጋ የምትችልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሌሊት ልጅ ሲያለቅስባት አድሮ ይሆናል፣ ምሳ ሳትበላ ታካሚ ስታይ ውላ ይሆናል። ደግሞ አትቆጪኝና፣ በቃል የተጠና ንግግር ራሱ ያስተኛል። ከማዛጋቷ በላይ ያሳሰበኝ ግን ያንቺ ፍርድ ነው። አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች፣ ሁለት ቀጠሮ ቀጣሻት። ያቺን ራስሽን የምትቀጭበትን መለኪያ አወጣሽና ለእሷም ለካሽላት፣ ቅድም ሁለተኛው ያልኩሽ ይሄ ነው። ጄረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን የተባሉ ሰዎች በታካሚና በቴራፒስት መካከል የሚፈጠርን ቅያሜ ለዓመታት አጥንተዋል። ቅያሜ የማይፈጠርበት ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ተነጋግሮ መታረቁ ነው። በተለይ አንድ ስህተት ግንኙነትን ሁሉ ያፈርሳል ብሎ ለሚያምን ሰው፣ ስህተት ተሠርቶ፣ ተነግሮ፣ ግንኙነቱ ሳይፈርስ ሲቀር በዓይኑ ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። የእሷ ማዛጋት እንግዲህ ሳይታሰብ የመጣ ዕድል ነው። በነጻ።

ልብ በይ፣ ሁሉን ቻይ እያልኩሽ አይደለም። ምሥጢርሽን ለሌላ ሰው ካወጣች፣ ከሰደበችሽ፣ ከሙያው ውጪ የሆነ ግንኙነት የሚፈልግ ባለሙያ ከገጠመሽ፣ ያኔ ጨርቄን ማቄን ሳትይ ውጪ። ማዛጋት እዚያ ውስጥ አይገባም።

እና ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። ለምን ቀረሽ ብትል ስልክ ላይ አታብራሪ፣ «ስመጣ እነግርሻለሁ» በቂ ነው። ስትሄጂ ደብተሩን አትያዢ። የምትይዢው ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ ነው። የሚቻል ከሆነ ንጹሑን ሳይሆን የመጀመሪያውን፣ የተሰረዘ የተደለዘውን፤ ካልቀደድሽው ማለቴ ነው። ገብተሽ እንደተቀመጥሽ፣ ሰላምታው ሳይረዝም፣ ስጫትና አንብቢው በያት። መናገር ካቃተሽ ዝም በይ፣ እሷ ታንብብ። ወግ ጨዋታ ተጀምሮ ከሆነ አልቆልሻል፣ አውቅሻለሁ፣ «ደህና ነኝ» ብለሽ ነው የምትወጪው። መቼም የቀጠሮው መጨረሻ ላይ በር ይዘሽ «በነገራችን ላይ…» እንዳትይ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ምን ትል ይሆን ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ እንደምታስቢ አውቃለሁ። እኔ የምገምተው ደስ እንደሚላት ነው። እስካሁን ስታክም የነበረው የምትጫወቺውን ሰው ነበራ! እሷም እኮ ሰው ናት፣ «እየተሻለሽ ነው» ስትል ጎበዝ ባለሙያ ነኝ ብላ ትደሰት ነበር፤ እሷም አንቺም እርስ በርስ ጥሩ ውጤት እየተሰጣጣችሁ ነበር የተቀመጣችሁት። ትንሽ ብትደነግጥ፣ ፊቷ ላይ ቅር የመሰኘት ነገር ብታዪ እንኳ አትሩጪ። «አሁን የተቀየምሽኝ መሰለኝ» ብለሽ ጠይቂያት። መጠየቁ ራሱ ሕክምና ነው።

ከዚያ መጠይቁን እንደገና ልሙላው በያት። ዘጠኙም ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነው፣ ከፍተኛው ድምር 27 ነው፣ የሚጠይቀውም ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። ፈተና አይደለም፣ ማንም አንደኛ አይወጣበትም። በተለይ ዘጠነኛውን፣ ብሞት ይሻለኛል ስለሚለው ሐሳብ የሚጠይቀውን፣ ዝቅ አድርገሽ ሞልተሽ ከሆነ ይሄ ከሁሉም የተለየ ነው። እሱ ላይ ከ0 በላይ ያለ እውነት ካለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬ ለምታምኝው ሰው ንገሪ፣ አብሮሽ ይሁን፣ ሐሳቡ ከጠነከረ ማታም ይሁን ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።

የቤት ሥራውንም እንዲህ ብለሽ ለምኛት፤ «ሆን ብዬ የማበላሸው አድርገሽ ስጪኝ» በያት። ቀልድ አይደለም፣ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት መንገድ ነው። ለምሳሌ የሚቀጥለውን ፈተና አርመሽ አንድ ጊዜ ብቻ ደምረሽ ትመልሻለሽ፣ ከመመለስሽ በፊት ምን ይደርሳል ብለሽ እንደፈራሽ ትጽፊያለሽ፣ ከተመለሰ በኋላ ምን እንደደረሰ ትጽፊያለሽ። ምናልባት አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሁለት ማርክ ቀርቶብኛል» ይልሻል። ታስተካክይለታለሽ። በቃ፣ ይሄው ነው። ልጁም ስህተት እንዴት እንደሚታረም ከአስተማሪው ያያል፣ እሱም ከፊዚክሱ አያንስም። እቅድሽንም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ብትሆኝም፣ ዝጊውና ተኚ። መጀመሪያ ላይ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው፣ አልሠራም ብለሽ እንዳታቆሚ። ሁለቱ ሳምንት ተሳክቶ ሦስተኛው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደምረሽ ብትገኚ ደግሞ፣ እሱንም ሄደሽ ንገሪያት፣ አሳምረሽ ሳይሆን እንዳለ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ በግልጽ ጠይቂያት። ለእንዳንቺ ዓይነት ሰው ሳይታወቅ የሚመጣ ማብቂያ መጥፎ ነው፤ እስከዚያ መዳን ነበረብኝ፣ አልዳንኩም፣ ይህንንም ወደቅሁ ትያለሽ። ጊዜው ካጠረ ይራዘም እንደሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መድኃኒትም ያስፈልገኝ እንደሆን ብለሽ ጠይቂያት፣ እንቅልፍና ምግብ እስከማጣት ከደረስሽ ሳይካትሪስት፣ መድኃኒት የሚያዝ የአእምሮ ሐኪም ማለት ነው፣ ቢያይሽ ነውር የለውም።

ዳይሬክተሩ። ክፍለ ጊዜሽ ቀለል የሚልበትን ቀን እይና ቀጠሮሽን እዚያ ላይ አድርጊ። ከዚያ ገብተሽ «በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ» በይው። ምን ሆነሽ ነው ካለ «ክትትል ላይ ነኝ» በይ፤ ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ወረቀት መያዝም ይቻላል። ራሴን አሞኝ፣ ጨጓራዬ፣ አክስቴ ታማ እያልሽ እንዳትደረድሪ፣ ምክንያት ባበዛሽ ቁጥር ጥያቄ ይበዛል። ያመለጠሽን ክፍለ ጊዜ እተካለሁ ብለሽም ከአሁኑ ቃል አትግቢ። ካስፈለገ እሱ ይጠይቅሽ።